ገንፎዬን የለካች ሐኪም

የእህቴ ልጅ የካንሰር ሐኪም ናት፤ የምታጠናው ደግሞ የእኛን የአርሲዎችን ጉሮሮ ነው። አንድ ቀን አሰላ ቤቴ መጥታ የሚንተከተክ ገንፎ ባቀርብላት፣ የሙቀት መለኪያ አውጥታ ሰካችበት እላችኋለሁ!

«ምነው፣ ገንፎዬን ወባ ያዘው እንዴ?» አልኳት።

«አክስቴ፣ እንዲህ የሚፋጅ ነገር ጉሮሮ ይጎዳል።»

አብረውን የሚበሉት ጎረቤቴ ኦቦ ቱፋ ሳቁ። «የበረደ ገንፎ ለእንግዳ ይሰጣል? እኔ ከነእሳቱ ነው የምውጠው! ሰሞኑን ብቻ ያለ ውሃ አልወርድ አለኝ።»

ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። በማግስቱ እየጎተተች ወስዳ አስመረመረቻቸው፤ ካንሰር ነው፣ ግን ገና በጅምሩ ተያዘ! ታክመው ድነው ሲመለሱ እልልታዬ ሰፈሩን አናወጠው። በደስታዬ ብዛት እንደ ልማዴ የሚፋጅ ገንፎ ባቀርብላቸው፣ ኦቦ ቱፋ ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት።

«እፍ በይበት እንጂ አንቺ ሴትዮ! ገና ብዙ ገንፎ የምበላ ሰው ነኝ።»