ሃምሳ የድንች ማማ

ደህና ዋልሽ ክሎቲልድ? የዳቦ ቤቱን መዝጊያ እስከ ግማሽ አውርደሽው ሳይ ደንግጬ ነበር። ጉልበትሽ ተሻለሽ? ባልሽስ… አሁንም የበዓል ኮሚቴው ሊቀመንበር ነው አይደል? ጎበዝ። እስቲ ከረጃጅሙ ዳቦ ሁለት ስጪኝ… ሦስት አድርጊው።

ከአረጋውያኑ ምሳ መውጣቴ ነው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ። በእኔ ጊዜ እስኪመሽ ይዘልቅ ነበር። ዛሬ በሃያ ደቂቃ አለቀ። እንዴት ያለ ቅልጥፍና ነው!

እኔማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፓርማንቲዬ ስሠራላችሁ ምን አውቄ? ያደረ ቅቅል ሥጋ መፍጨት፣ ሰፊ የሸክላ መጋገሪያ ላይ መዘርጋት፣ የተፈጨ ድንች ማልበስ፣ ላዩን በሹካ አርሶ ምድጃ መክተት… የገበሬ ሥራ። ዘንድሮ ኮሚቴው ማድ ቤቱን ያስረከባት ሴት ግን ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ማማ አቆመችለት። ሥጋ፣ ድንች፣ ሥጋ፣ ድንች፤ ጫፉ ላይ አንዲት ቅጠል። ቅርጽ ማውጫው ከምን የተቆረጠ ይመስልሻል? ከቧንቧ! አዲስ ቧንቧ ነው አሉ፤ እኔ መቼ ጠየቅሁ? ባል ቧንቧ ሠራተኛ ሲሆን ቤት ውስጥ ምን ይጠፋል? ላዩን ያጠየመችውም በእሱ መበየጃ ነው። በውኃ ልክም ለክታዋለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አረፋዋ መሀል ላይ ካልቆመች ሳህን አይወጣም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በመላው ፈረንሳይ ድንች በአንድ ጠዋት ቀጥ ብሎ ሲቆም ያየነው ግን እኛ ብቻ ነን።

አነሰ አላልኩም። ማን አለ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? አንድ ኪሎ ሥጋን ለሃምሳ ሰው ጌጥ ማድረግ… ይኼም እኮ ችሎታ ነው።

አንሴልምን ታውቂዋለሽ፣ ዘጠና ሁለት ዓመቱ ነው። ማማውን በሁለት ጉርሻ ጨረሰና፣ ወይን እንዳስቀመሱት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመ፤ ከዚያ አሳላፊዋን፣ «ጥሩ ነው የኔ ልጅ፣ በሉ ምሳውን አምጡት» አላት። ምስኪን! ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳሰረ አሁንም እየጠበቀ ነው።

ጥፋቱ ምናልባት የኔ ይሆናል። አንቺንም ያቺን ባለማማዋንም በአንድ ክፍል ጂኦሜትሪ ያስተማርኳችሁ እኔ አይደለሁ? የሲሊንደርን ይዘት ስንት ቀን ደገምኩላችሁ? አንዳንድ ተማሪ ግን ቁመቱን ብቻ ይዞ ይቀራል…

የከርሞውን ማድ ቤት ፈልጌ መሰለሽ? ኧረ በፍጹም! ሐሙስ ኮሚቴው ሲወስን፣ ባልሽ ኅሊናው እንዳለው ያድርግ። መጋገሪያዬ እንደሆነች ታጥባ ተቀምጣለች። ትናንት አጠብኳት። ዛሬ ጠዋትም።

እንዴ፣ ከኋላዬ ይኼ ሁሉ ሰልፍ ምንድን ነው? ሁሉም ከአዳራሹ… መጨረሻ ላይ ሽርጧን እንደታጠቀች የቆመችውንስ አየሻት? ተዪ፣ አትያት፣ ታፍራለች። አንድ ዳቦ ግን አስቀሪላት። ስትለካ አርፍዳ መች በላች?

እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣት። ያቺን እጅ አይንሳን። ከማዕዷ የሚቋደሰውን ሁሉ ደግሞ… ከዳቦ ቤት አያርቀው።