የአትጠገብን ሠላሳ ያረስን ዕለት

«አቁሙ! አቁሙ በሬውን! ኧረ በማርያም አቁሙ!» እያለ መምህሩ ከበሩ ጀምሮ ይሮጣል። እኛ ደግሞ ሊያግዘን የሚሮጥ መስሎናል። አራት ጥማድ በሬ ይዘን የትምህርት ቤቱን ጓሮ እየገለበጥን ነው። ጎረቤቴ አያ ተገኘ ጅራፉን ከፍ አድርጎ «አይቸኩሉ መምህር፣ ለእርስዎም ሥራ አናጣም!» አለው።

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ሰው መሬቱን ታርሶ ሲያገኘው ምርቃት ነበር የሚያወርደው። መምህሩ ግን ራሱን ይዞ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ብዙ ተናጋሪ አይደለሁም፣ ታውቁኛላችሁ። በሬዬን አቆምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አትጠገብ የልጄ የይታይሽ ልጅ ናት። ይታይሽ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ እኔው ጋ ናት፣ እኔው ነኝ ያሳደግኋት። ዘጠነኛ ክፍል ናት። እጇ ለሥራ ነው፣ አንደበቷም እኔን ለመቆጣት ሲሆን አያጥራትም። ፈተና የሚሉት ነገር ሲመጣ ግን ትርበተበታለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ወረቀቱን ስታይ የምታውቀው ሁሉ ብን ይልባታል። ታዲያ እናቷ በስልክ ምን አለች? «አባዬ፣ ዘንድሮ ካላለፈች ትምህርቱ ይብቃት። ፓስፖርት ታውጣና እዚህ እኔ ጋ መጥታ ትሥራ።» አንዷን ሸኝቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሸኝም አልኩ በሆዴ።

እና አንድ ቀን አትጠገብን «ትምህርቱ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ሌላውን ጥግ ጥጉን ይዤ አልፈዋለሁ አባባ። የሚያነሣኝም የሚጥለኝም ግብርናው ነው» አለች።

ግብርና! ደስ አለኝ። ግብርናማ ከሆነ ምን አለ? ታዲያ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ እሷ እንደነገረችኝ ነው የምነግራችሁ። ከመቶው ሃምሳው የፈተና ነው፣ ሃያው የቤት ሥራ ነው፣ ሠላሳው ደግሞ የመደቡ ነው። መደብ ማለት መምህሩ ከጓሮው ቆርሶ ለአምስት ለአምስት ልጅ የሰጣቸው መሬት ነው፣ ድንች የሚተክሉበት።

«ሠላሳው ከተያዘልኝ ፈተናው ቢያንቀጠቅጠኝም አልወድቅም» አለች።

«ታዲያ መደቡ እንዴት ነው?»

«ድንጋይ ነው አባባ። በዶማ ነው የምንቆፍረው። ሌሎቹ ተክለው ጨረሱ፣ እኛ ገና ግማሽም አላደረስን።»

እስቲ እናንተው ፍረዱ። የሰው ሥራ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ዝናቡ ደግሞ ሲያጉረመርም፣ ምን ይደረጋል? ደቦ ይወጣል! ሌላ ምን ይደረጋል? እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለአያ ተገኘ «የአትጠገብ መደብ አልደረሰም» አልኩት። ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል አልወጣኝም። እሱ ግን ለአገሩ ሁሉ አዳረሰው። «እናቷ ሩቅ ያለች ልጅ መሬቷ ጦም ሊያድር ነው! እኛ ቆመን ልናይ ነው!» ሲል በቃ፣ ሰው ሁሉ ቀንበሩን አዘጋጀ።

እና ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሄድን፣ ተማሪው ሳይገባ እንጨርስላቸው ብለን። ዘበኛው «ምንድን ነው?» አለ። አያ ተገኘ «ልማት ነው!» አለው። ልማት ከሆነ ብሎ ዘበኛው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልን። ጓሮው ደርሰን ብናይ መሬቱ ሁሉ ችካልና ሲባጎ ነው፣ እዚህ ችካል፣ እዚያ ችካል፣ የሸረሪት ድር ነው የሚመስል። «ይኼ ምንድን ነው?» አለ አያ ተገኘ። እኔ እንጃ። «በሬ ይጠልፋል፣ ንቀሉት» አለ። ነቀልነው። ለካ የየቡድኑ ወሰን ኖሯል! እኛ ምን እናውቃለን፣ አርሰን አርሰን ከዳር እስከ ዳር አንድ አደረግነው። ከሥር ድንች ብቅ ብቅ ሲል ደግሞ ሌሎቹ ተክለዋል ያለችኝን ረሳሁትና «የአምና ትርፍራፊ ነው» እያልን ለቅመን ለቅመን በጆንያ አኖርንላቸው። እንዳይበሰብስባቸው ብለን እኮ ነው!

ታዲያ መምህሩ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ተማሪው ግር ብሎ ገባ። አንዱ ልጅ ጆንያውን ከፍቶ አየና «መምህር! ማርካችንን አረሱት!» ብሎ ጮኸ። ሌላውም ጮኸ። አትጠገብ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች።

መምህሩ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ደሳለኝ ይባላል፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ከመጨረሻው ልጄም ያንሳል፣ መምህር ነውና ግን አንቱ እለዋለሁ።

«አባቴ፣ የትኛው ነው የማን ቡድን መደብ?» አለኝ።

«የሁሉም ነው» አልኩት።

«የሁሉም ከሆነ ለማን ስንት ልስጥ?»

ጅራፌን መጠቅለል ጀመርኩ። እሱም ተማሪውን ዞሮ አየና «በቃ፣ መደብ የለም። ሠላሳው ከፈተናው ጋር ይደመራል። ፈተናው ከሰማንያ ይሆናል» አለ። ሰማንያ! ወደ አትጠገብ ብዞር ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ታች ጎተተች። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረችኝ። «አባባ፣ ማን ለመነዎ?»

እና ሐሙስ ወላጅ ተጠራ። ክፍሉ ጢም አለ። ከከተማ የመጣች አንዲት ሱቅ ያላት ሴት ተነሣችና «ሰማንያ መሆኑ ደግ ነው!» አለች። «የኔ ልጅ ፈተና ይወዳል። ደግሞስ ፈተና ላይ አባት በሬ ነድቶ አይገባም!» ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሣቀ። አያ ተገኘ ዝም ይላል? «እርሻው አምሯል አላማረም? ካማረ ለሁሉም ሠላሳ ሠላሳ ይሰጥና እንለያይ!» አለ።

«አያ ተገኘ፣ እርሻውማ አምሯል» አለው መምህሩ። «ሠላሳውን ለእርስዎ ልስጥዎት?»

«ቢሰጡኝ አልጠላም!»

መምህሩ ራሱም ሣቀ፣ ከዚያ ሣቁን ዋጠና «እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አላሰብኩበትም» አለ። «ለአምስት ልጅ አንድ ማርክ ስሰጥ አንዱ ይቆፍራል፣ አራቱ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። የቤት ሥራውንም ማን እንደሠራው አላውቅም፣ ወንድም ይሁን እህት ይሁን። ፈተናውን ሰማንያ ባደርገው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የለፋው ልጅ ባንድ ጠዋት ይወድቃል። ምን ላድርግ? እስቲ እናንተው ንገሩኝ።»

ታዲያ ከኋላ ድምፅ ሰማሁ። አትጠገብ ናት! ልጆቹ በመስኮት ያዳምጡ ነበር ለካ፣ በበሩ ገብታ ቆመች።

«መምህር፣ ሰማንያ ከሆነ እኔ ወድቄያለሁ» አለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «የማውቀውን ግን መሬቱ ላይ ይጠይቁኝ።»

«ምን ታውቂያለሽ?»

«አባባና አያ ተገኘ ያጠፉትን ሁሉ አውቃለሁ።»

አቤት ሣቅ! አያ ተገኘ «እንዴት ያለች ናት!» ብሎ ሊነሣ ሲል ጎትቼ አስቀመጥሁት። እሷ እንደሆነ ጀመረች። «ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ መሬቱ ጭቃ ሆኖ ሳለ በአራት ጥማድ ረገጡት፣ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠብቃል። ለበሬው መዞሪያ ብለው ቁልቁል አረሱት፣ ጎርፍ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። የቀደድነውን የውኃ ቦይ ደፈኑት። ድንቹ ጎንቁሎ ነበር፣ ጉንቁሉን ሰባብረው ጆንያ ውስጥ አፈኑት። ደግሞ አያ ተገኘ ተቀምጦበታል!»

እውነቷን ነው፣ ተቀምጦበት ነበር። እና ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ ስትናገር ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

መምህሩ እስክትጨርስ ጠበቀ። ከዚያ «እንዲህ ይሁን» አለ። «ፈተናው ሃምሳው ላይ ይቆማል። የመደቡም ሠላሳ አይጠፋም። ዘር እኔ አመጣለሁ፣ ሁሉም እንደገና ይተክላል። ለተከላው ለቡድኑ አሥር እሰጣለሁ። ሃያው ግን የብቻ ነው፣ እያንዳንዱ ልጅ መሬቱ ላይ ቆሞ ምን እንደሠራና ለምን እንደሠራ ሲያስረዳኝ ነው የሚያገኘው። ወላጅ ከአጥር ውጭ!» ያቺ የሱቋ ሴት «ይኼስ ይሁን፣ የኔው ልጅ አንድ ቀን ዶማ ይያዝ» አለች።

ታዲያ የጥያቄው ቀን ሄደን አጥሩን ይዘን ቆምን። ኧረ ጭንቅ ነው እናንተዬ! ሥራ እያዩ እጅን አጣጥፎ መቆም! አንዱ ልጅ ዶማውን እንደ ማንኪያ ይዞ መሬቱን ጫር ጫር ሲያደርግ አያ ተገኘ አልቻለም፣ «ጠለቅ አድርገው ልጄ! ጠለቅ!» ብሎ ጮኸ።

«አያ ተገኘ፣ ኩረጃ ነው!» አለ መምህሩ ከወዲያ።

«ምን? መቆፈርም ኩረጃ ሆነ?»

ዘበኛው መጥቶ ክንዱን ይዞ ወሰደው። እስከ መንገዱ ድረስ «ጠለቅ!» እያለ ነው የሄደ።

እና የአትጠገብ ተራ ደረሰ። ነፋስ ነበር፣ የምትለው አልተሰማኝም። ችካል ስትተክል አየሁ፣ ሲባጎ ስትወጥር አየሁ፣ ወደ ተዳፋቱ እየጠቆመች ስትናገር፣ ጎንበስ ብላ አፈር ዘግና ለመምህሩ ስታሳየው። እጇን ብቻ ነበር የማየው። አልተንቀጠቀጠም።

ከሠላሳው ሃያ ስምንት ሰጣት። ፈተናውንማ እንደ ልማዷ ተርበትብታ ከሃምሳው አሥራ ስምንት ነው ያመጣች። በሰማንያ ቢሆን እግዜር ይወቅ። ብቻ ከቤት ሥራው ጋር ተደምሮ አለፈች፣ አሥረኛ ክፍል ገባች።

እናቷ ስትደውል አትጠገብ ሁሉንም ነገረቻት፣ በሬውንም፣ ጆንያውንም፣ አያ ተገኘንም፣ እየሣቀች። ከዚያ ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ይታይሽ ምን አለች?

«እሺ ትማር አባዬ፣ ፓስፖርቱ ይቅር። አንቱ ግን ለሒሳቡም ደቦ እንዳይጠሩ።»