ለአያ ደምሌ መታሰቢያ የትኛው ዛፍ?

«ዝናቡስ ዘንድሮ ደግ ነው መምሬ… ገብሱም ይዟል፤ መሬቱም እስከ ሆዱ ርሷል። ለተካይ ይመቻል… አይመችም?»

እመት ጌጤ ይህን ያሉት የነፍስ አባታቸውን መምሬ ወልደ ጊዮርጊስን ከደጃፉ መደብ ላይ አስቀምጠው ነው። ፈንታ ትንሽ ራቅ ብሎ ችካል እየተከለ ሰማቸው፤ ነገሬም አላለ። ስለ ዝናብ ማን ይደነግጣል?

ፈንታ የሟቹ የአያ ደምሌ ታናሽ ወንድም ነው። የወንድሙ ተዝካር ወጥቶ ክረምቱ ሲገባ፣ «ለወንድሜ መታሰቢያ ከግቢው ዛፍ እተክላለሁ» አለና ከንፋስ መውጫ አንድ አህያ ሙሉ የባሕር ዛፍ ችግኝ ጭኖ መጣ። ችካሉን ግን ከጓሮው ጀምሮ ግቢውን መሐል ለመሐል እየከፈለ ዘረጋው። በዚያ አገር ዛፍ የተከለ እጅ ነገ ዳኛ ፊት ቆሞ «ርስቴ ነው» ይላል። ይህን እሱም ያውቃል፣ የወንድሙ ሚስት እመት ጌጤም ያውቃሉ። ከመምሬ አጠገብ የተቀመጡትን ያገር ሽማግሌዎች ለምስክር የጠራቸውም እሱ ራሱ ነበር።

«እኔማ ምን ልትከልለት እያልሁ ስጨነቅ፣ የሚያስብልኝ ሰው መኖሩን ረስቼ… ደግ ሰው እኮ አያልቅም መምሬ! አያ ደምሌ አልጋ በያዘ ጊዜ እንዴት ያለ ወገን ነበረው መሰለዎ! የታመመ ሰው ፊት ማየት የማይችል፣ አንጀቱ የሚባባ… ስለማይችል ቀረ። ሁለት ክረምት ቀረ። የቀብሩ ዕለት ግን ከኔ ከሚስቱ ይልቅ የሱ ጩኸት ማዶ ቤተ ልሔም ደብር ድረስ ተሰማ አሉ። እንባውን አጠራቅሞልን ኖሯል… በሬዎቹንስ? ‹መበለት ከብት መጠበቅ ይደክማታል› ብሎ ገና የልቅሶው ድንኳን ሳይነሣ ሁለቱንም ነዳልኝ። እኔም አረፍሁ፣ ማሳውም አረፈ!»

ፈንታ ችካሉን እንደያዘ ቆመ። ጆሮው ጋለ። «እኔን ነው?» እንዳይል፣ ስሙን ማን ጠራው? የጠየቀ ዕለት አመነ ማለት ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ሀብቴ፣ በጋቢው አፉን ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

«የጠራሁዎ ለዛፉ ነው… እስቲ ይምከሩኝ። ኮሶ ልትከል አልሁ። የሰው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ የሚበላውን ያስወጣል ይላሉ፤ የሰው ግቢ ገብቶ የሚበላውንስ ያስወጣ ይሆን? ብሳናም አሰብሁ… ብሳና ይነቅዛል ወይ ቢሉ፣ ለዛፉ ሁሉ ማን አስተማረና አሉ! እኛ ቤትስ ነቀዙ ከሩቅ የመጣ መስሎዎ ነው? ከዚያው ከአንዱ ግንድ… ዋርካ በሌለበት እንቧጮ አድባር ይሆናል ሲሉ እስቅ ነበር። እንቧጮ ችካል ይዞ ሲዞር እስካይ ድረስ…

«ባሕር ዛፍስ? ምን ይወጣለታል! ቶሎ ያድጋል፣ የጎረቤቱን ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር አያስበቅል። ቢቆርጡት እንኳ አያፍርም፤ ተመልሶ ይመጣል… ለአንድ ሟች ይህ ሁሉ ችግኝ ደግሞ! ምነው ሰው በድርሻው፣ በፈንታው ቢያድር?»

እመት ጌጤ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

«ውይ በሞትሁት! ስም መጥራቴ አይደለም መምሬ፣ ስለ ድርሻ ነው የማወራው…»

ከዚህ ወዲያ ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። መምሬ እንኳ የሚስሙ መስለው አፋቸውን በመስቀላቸው ጋረዱ። ፈንታ መግቢያ ጠፋው። ቢሄድ በራሱ ላይ መመስከር ነው፤ ቢቆይ ደግሞ አገሩ የሚያበቅለው ዛፍ ገና መች አለቀና! ማንም ሳያዘው ችካሎቹን ይነቅል ጀመር።

«አዬ ቅልጥፍና! ይህን እጅ ደምሌ ባየው… እኔስ ወይራ ይሁን ብያለሁ፤ እዚች እሱ ፀሐይ ይሞቅባት ከነበረችው ላይ። ሲያድግ ይዘገያል፣ ግን የሰው ውሃ አይመኝም። ጉድጓድ የሚቆፍርልኝ ወንድ ነው የቸገረኝ…»

ፈንታ ዶማውን አነሣ። ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ ቀና ብሎ ማንንም ሳያይ፣ ጉድጓዱን ቆፈረ። አስቀድመው ያስመጧትን የወይራ ችግኝ ግን እመት ጌጤ በገዛ እጃቸው ተከሏት፤ እሱ የጠራቸው ምስክሮችም ቆመው አዩ። የባሕር ዛፍ ችግኞቹ በአህያዋ ጀርባ ላይ ተመልሰው ተጫኑ።

እመት ጌጤ አፈሩን ከእጃቸው አራገፉ። ፊታቸው ፈክቶ ወደ መምሬ ዞሩ።

«ይመርቁልኝ እንጂ መምሬ! እኔም ልመርቅ… ይህን የቆፈረ እጅ ከበረከት አይራቅ። ዕድሜ ከጤና ይስጠው። እንደ ሰው ደክሞ አልጋ በያዘ ቀንም እግዜር ብቻውን አይተወው… ልክ እንደሱ ያለ ወንድም ያዝዝለት።»