በእኔ ስም የቀረችው ፋይል

ክቡራትና ክቡራን የካርድ ክፍል ባልደረቦቼ፣ ይህን ሽኝት ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ኬኩ ላይ ስሜን ሳይ ደስታዬ ወሰን አጣ። ዓይኔ ግን ኬኩ ላይ አይደለም፤ በሩ ላይ ነው። ለምን? ልንገራችሁ።

ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩ የሚያትመውን ዝርዝር ታውቁታላችሁ፤ የታካሚው ስምና ካርዱ ያለበት መደርደሪያ። እሱን የሚያወጣውን ስክሪፕት፣ ማለት ለኮምፒውተሩ የሚሰጠውን የትእዛዝ ጽሑፍ፣ እኔና የኮምፒውተር ቴክኒሻኑ ነን የጻፍነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ ማውዝ ለመንካት እፈራ የነበርኩ ሴትዮ! ስክሪፕቱ ግን መደርደሪያዎቹን ራሱ አያውቅም። መጀመሪያ ሌላ ፋይል ይጠራል፤ የሚያነባቸው ከዚያ ነው። ያ ፋይል የት የተቀመጠ ይመስላችኋል? በእኔው የግል ፎልደር!

ባለፈው ሰኞ ቴክኒሻኑ፣ "እትዬ፣ ስትሄጂ አካውንትሽ ከነፎልደሩ ይሰረዛል። ለሙከራ ልዝጋው?" አለኝ።

"ዝጋው፣ ምን ቸገረኝ!"

ማክሰኞ ጠዋት ዝርዝሩ ወጣ። ስም አለ፣ መደርደሪያ የለም። ስክሪፕቱ ፋይሉን ሲያጣ ትንፍሽ ሳይል ቀጥሏል! አርባ ሺህ ካርድ መሃል ስንርመሰመስ ትዝ አላችሁ? አንዲት እናት የታመመ ልጇን ታቅፋ፣ "ካርዱ ጠፋ እንዴ?" ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኃላፊያችን፣ "ካርድ ክፍሉን ጠቅልለሽ ልትወስጂው ነው እንዴ?" ብለው ሳቁ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሏል።

ትናንት ፋይሉን ወደ ጋራ ፎልደር አዛወርነው፤ ስክሪፕቱ ውስጥ ያለውንም አድራሻ ቀየርን። "ፋይሉን ካጣህ ወዲያው ቁምና ተናገር" የሚልም ጨመርንበት። እኔ እዚህ ስለፈልፍ ቴክኒሻኑ እዚያ አካውንቴን እየሰረዘ ነው። "ንግግርሽን ሳትጨርሺ ዝርዝሩን ይዤ እመጣለሁ" ብሎኛል። ታዲያ ባስረዝመው ይፈረድብኛል? እርግጥ አመሌም አለበት።

ልጄ መንታ ወልዳ እየጠበቀችኝ ነው። እናንተን ጨለማ ውስጥ ጥዬ ግን በምን አንጀቴ ልቀፋቸው?

መጣህ? ወዲህ በለው ወረቀቱን! መነጽሬ... ስም አለ። መደርደሪያ... ሐ፣ አሥራ አራት። አለ! አካውንቴስ?

"የለም እትዬ፣ ድራሹ ጠፍቷል።"

እሰይ! ስሰረዝ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ያለ እኔ ይሠራል እንግዲህ። ጤና አይለያችሁ፤ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ የምትፈልጉት ሁሉ ካስቀመጣችሁበት ይጠብቃችሁ። በሉ ኬኩን ቁረሱ፤ አሁን ከጉሮሮዬ ይወርዳል።