እንግዳው የሚያድርበት ጎን

ሲስተር፣ ይቀመጡ። ዛሬ መሸኛዎ ነው፤ ከቀዶ ጥገና በፊት የሚያስተምሩት በሽተኛ የለም።

መጀመሪያ ለሥራ የመጡ ዕለት ጥበቃው በር ላይ አስቆመዎት። ከአንገትዎ ቱቦ ያለው ጠርሙስ ተንጠልጥሏል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ከቁስል የሚወጣውን ፈሳሽ የሚያጠራቅመው፣ ያ ጠርሙስ። ይዘውት እንዴት እንደሚተኛ ለማወቅ ቤትዎ አብረውት አድረው ነበር። ጥበቃው ግን ከአልጋ ያመለጡ በሽተኛ መስለውት፣ «እናቴ፣ ሐኪሙ ሳያይዎት የት ሊሄዱ ነው?» ብሎ ደግፎ ወደ ዎርድ አስገባዎት። እርስዎም ተደግፈው ሄዱ። አልጋውን መሞከር ፈልገው ነበር አሉ።

ጠርሙሱን «እንግዳ» ይሉታል። የጡት ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ለተያዘላት ሁሉ፣ «ስትነቂ እንግዳ አብሮሽ ይተኛል፤ አትደንግጪ፣ ሰንብቶ ይሄዳል» ነው። አንዱ ባል ከበር ላይ ሰምቶ፣ «የማን ወገን ነው ደግሞ የሚያድረው?» አለና ሊጠብቃት ወንበር ተውሶ መጣ። ከዚያ ወዲህ «ሲስተር እንግዳ» ሆኑ። ከኋላዎ ማለቴ ነው፤ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ።

በሽተኞቹ ክንዳቸው እንዲፈታ ጣታቸውን እያራመዱ የሚወጡት ግድግዳስ? ቀለም ቀቢው በመጣ ቁጥር የጣቱን ዱካ አይቶ ይህ ቤት ድመት አለው ወይ ይለን ነበር።

አምና ተራው የእኔ ሆነ። እዚሁ ፋርማሲ ነው የምሠራው፤ መድኃኒቱን ሁሉ በስሙ አውቀዋለሁ። ፍርሃቴ ስም አልነበረውም።

የት እንደሚያመኝ፣ የት እንደሚደነዝዘኝ እርስዎ ነገሩኝ። አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ አቃተኝ። ክንዴን። የልጄን ጸጉር የማበጥርበትን ክንድ። ዓይኔን አይተው መሰለኝ፣ ማበጠሪያ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩ።

«መጀመሪያ የራስሽን ታበጥሪያለሽ። ከዚያ የእሷን። ቶሎ አይሆንም። ይሆናል ግን።»

ስነቃ ጎኔን ዳሰስኩ። አለ። «እንግዳዬ መጥቷል» ስል ባሌ ወደ በሩ ዞረ። አመመኝ፤ ያመመኝ ግን እርስዎ ባሉኝ ቦታ ነበር። ያ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ለማስረዳት ቃል አጣለሁ። ሕመሙን ማንም አይወስድልኝም። ከማላውቀው ነገር ጋር ብቻዬን ግን አልነቃሁም። አመሰግናለሁ።

ከነገ ጀምሮ እርስዎ ያስተማሩባት ክፍል ማን እንደሚገባባት ሳስብ እሰጋለሁ። የሚገባው ሰው ጠርሙሱን በስሙ ይጥራው፤ አደራ።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሡ። ጤና ይስጥዎት፤ ቤትዎ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ በእግሩ የሚመጣ ይሁን።

ሲስተር፣ እኔን ይዩኝ። የማነሣው በዚያኛው እጄ ነው። ከጆሮዬ አልፏል።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ከማበጠሪያው ሥር ሆና፣ «እማዬ፣ ጎተትሽኝ እኮ» አለችኝ።

ለጤናዎ።