የእትዬ ታየች አረንጓዴ

እሺ፣ አንዴ ጸጥታ! ልዩ፣ ሙዚቃውን ቀንሺልኝ። አመሰግናለሁ።

እትዬ ታየች፣ ዛሬ በጡረታ ሽኝትዎ እርስዎ ተቀምጠው እኔ ቆሜ መናገሬ ራሱ ጉድ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እርስዎ ሲናገሩ እኔ ባልዲ ተሸክሜ ነው የሰማሁት። ዛሬ ግን ተራው የኔ ነው፣ ማቋረጥ የለም!

እዚህ ሱቅ የመጡበትን ቀን ላንሳ። እኔ አልነበርኩም፤ ግን ጋሼ ፈድሉ በየበዓሉ ስለሚያወሩት የነበርኩ ያህል ነው። ጋሼ ይህን የቀለም ሱቅ ገና መክፈታቸው ነው። አንዲት ሴት ተጀምሮ የቀረ ባልዲ አንጠልጥለው ገቡ።

«ይህን አረንጓዴ የሸጡልኝ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ምን ሆነ?»

«ሳሎኔ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ግድግዳው ይጮኻል!»

ጋሼ ተናደዱ። «እንግዲያው ካወቁ ራስዎ ይበጥብጡት!» አሉ። ይሄውላችሁ፣ በሕይወታቸው የተናገሩት ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው የመበጥበጫውን ዱላ አነሱ። ነጭ ጨመሩ፣ ትንሽ ቢጫ ጨመሩ፣ ከዚያ ቀይ ጠብ አደረጉበት። ጋሼ ጮኹ፦ «አረንጓዴ ላይ ቀይ?!» እሳቸው ቀና እንኳ ሳይሉ «የሚያበርደው እሱ ነው» አሉ። አባታቸው ሽሮ ሜዳ ለሸማኔዎች ክር በቀለም ይነክሩ ነበርና ነገሩን ከልጅነታቸው ያውቁታል። አረንጓዴው ረጋ አለ፣ የባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል መሰለ። ቀለም ሊመልሱ መጥተው ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠሩ የቆዩ ደንበኛ በጉለሌ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰው ቀለም ሊገዛ ይገባል፤ እትዬ ይመረምሩታል። «ሳሎንዎ ፀሐይ በየት በኩል ነው የሚገባው? ሶፋው ምን ዓይነት ነው? መጋረጃውስ?» አንዱ ደንበኛ እኔን ጠጋ ብሎ «ሴትዮዋ ሊድሩኝ ነው እንዴ?» ብሎኛል። ሌላዋ ደግሞ «ቤቴ እንዲደምቅ እፈልጋለሁ» ስትል፣ «አንቺ ደምቀሻል እኮ፣ ግድግዳው ይረፍ» አሏት። ሦስት ባልዲ ገዝታ ሄደች።

ያቺን ካርቶንስ? ማንም ሰው ናሙናውን ካርቶን ላይ ቀብቶ፣ አድርቆ፣ ጠዋትና ማታ ግድግዳው ላይ ሳያየው ባልዲ አይወስድም። «ኧረ ቸኩያለሁ» ቢል፣ መልሱ አንድ ነው፦ «ይድረቅና እናያለን።» ልዩ ስትታጭ ምን አሉ? «ይድረቅና እናያለን።» አምና የኮምፒውተር መበጥበጫ ማሽኑ ሲገባ ሁላችን አጨበጨብን። እሳቸው ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ «ጎበዝ ነው። ሳሎኑን ግን አይቶታል?» አሉ። እኔም የተቀጠርኩ ቀን ጋሼ «ልጁን እንዴት አየሽው?» ብለው ሲጠይቋቸው እዚያው ፊቴ ላይ «ይድረቅና እናያለን» አሉ። እስከ ዛሬ ፍርዱ አልተነገረኝም!

እ... አሁን የምናገረውን ጋሼም አያውቁትም። በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር እትዬ ለቅሶ ሄደው ብቻዬን ነበርኩ። ሩታ የምትባል ደንበኛ ከግድግዳዋ የተላጠ ቁራጭ ይዛ መጣች፤ ያው የእትዬ አረንጓዴ ነው፣ ለአንድ ጎን ግድግዳ ቀለም ጎድሏታል። በጠበጥኩ፣ አስጠጋሁት፣ ቁርጥ እሱን ነው! ሸጥኩላት። ቁራጩ ደረቅ፣ የኔ ቀለም እርጥብ መሆኑን እያየሁ አላየሁም። ሲደርቅ ጠቆረ። ቅዳሜ ጠዋት ሩታ እያለቀሰች መጣች፤ እሁድ ሽማግሌ ቤቷ ይመጣል፣ ሳሎኗ ደግሞ ሁለት ጠበኞች የቀቡት መስሏል።

በቃ፣ ተባረርኩ ብዬ ልብሴን ልሰበስብ ነበር። እትዬ ግን ሩታን «ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ አስተምሬው ሳልጨርስ ጥዬው የሄድኩት እኔ ነኝ» አሏት። ነግረውኝ ነበር እኮ! አሥር ጊዜ ነግረውኛል! ከዚያ ባልዲ አሸክመው ቤቷ ድረስ ይዘውኝ ሄዱ፣ እዚያው በጠበጡ፣ እኔ ቀባሁ፣ እስኪደርቅ አብረውኝ ቁጭ አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳሎኑ ተስማምቷቸው አልነሳ አሉ ተባለ። እትዬ፣ ያን ቀን ስሜን ስላተረፉልኝ አመሰግናለሁ። ዛሬ ቤት የማስተዳድርበት ሙያ ያን ቅዳሜ የሰጡኝ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህ የተሰበሰብንበት ክፍል ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶ፣ ከጀርባዎ ያለው ግድግዳ ተበላሽቶ አልነበረ? እርስዎ ከአራት ዓመት በፊት በዚያው አረንጓዴዎ ያቀለሙት ግድግዳ። «ሳልሄድ አስተካክለዋለሁ» ብለው ነበር። ቀደምኩዎት። ማሽኑን ሳልነካ፣ በዱላ በጥብጬ፣ በካርቶን አድርቄ፣ ጠዋትና ማታ አይቼ፣ የተበላሸውን ብቻ ሐሙስ ቀባሁት። ዛሬ እሁድ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ተደግፈውት ተቀምጠዋል። እስቲ ዞር ይበሉና የኔና የእርስዎ ቀለም የሚጋጠምበትን ያሳዩኝ።

ይነሱ፣ ቀረብ ብለው ይዩት። ረይሃና፣ መነጽራቸውን አቀብያቸው። በእጅዎም ይዳስሱት፣ ግድ የለም።

ምን አሉ?

ሰማችሁ? «የት ጋ ነው?» አሉ! እትዬ ታየች «የት ጋ ነው?» አሉ!

ደርቋል፣ እትዬ። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ እንጂ ደርቋል።

በሉ፣ አምቦውንም ለስላሳውንም አንሱ። እትዬ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት፣ በዚያ ረጋ ባለው ሳሎንዎ የልጅ ልጅ ሰብስበው ይቀመጡበት። ነገ ጠዋት አንድ ደንበኛ ገብቶ «እትዬ ታየች የሉም?» ሲለኝ፣ «ጡረታ ወጥተዋል፤ አረንጓዴያቸው ግን አለ። ሳሎንዎ ፀሐይ በየት በኩል ነው የሚገባው?» እለዋለሁ።

ለእትዬ ታየች!