የቀረችው አራት ኪሎ

ኅዳር ላይ ከቀትር በኋላ ጉም ሲወርድ በዋግ ምድር አላየሁም ነበር። የዚያን ዓመት የኅዳር ሚካኤል ዕለት ግን ወረደ። ታቦቱ ገብቶ፣ ጠበል ጻዲቁ ተቀምሶ፣ ሰዉ ወደየቤቱ ሲበተን እኔም ወደ ሰቆጣ የሚወስደውን መንገድ ያዝሁ፤ ጥቂት እንደሄድሁ ከፊቴ ያለው ሁሉ ነጭ ሆነ። መሰረት እባላለሁ፤ ሰቆጣ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። መንፈስና ጥላ በሚባል ነገር የማልደነግጥ ሴት ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

በጉሙ ውስጥ የሰው ሳል ሰምቼ "ማነው?" ብል አያ ደግሰው ሆነው ተገኙ። አያ ደግሰው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጉልበታቸው ግን ያልከዳቸው የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ናቸው። ከሚካኤል ድፎ የደረሳቸውን ቁራሽ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረዋል።

"መምህርት፣ ብቻሽን አትሂጅ። ይህ ጉም ደግ አይደለም" አሉኝ።

"ጉም ውሃ ነው አያ፤ ደግና ክፉ የለውም።"

ሳቁብኝ። እየተጨዋወትን ወንዙ ዳር ደረስን። እዚያ፣ መሻገሪያው አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ፣ አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተቀምጣለች። አያ ደግሰው ባሉበት ቆሙ። ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"እታገኝ" አሉ በቀስታ። ከዚያ በዋጉ አገውኛ፣ በኽምጥኛ፣ አንድ ነገር አጉተመተሙ። ትርጉሙን አልያዝሁትም፤ ድምፃቸው ግን የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር። አማትበው ወደ አማርኛው ተመለሱና "ምን ጎደለሽ? ለምን መጣሽ?" አሏት።

ሴትዮዋ ቀና አለች። "አያ፣ እኔ ነኝ እኮ። ሠርካለም።"

ሠርካለም የወንድማቸው ልጅ ናት። እኔም አስተምሬያታለሁ፤ ስትስቅ ሳቋ ጎረቤት ክፍል የሚሰማ፣ ጉንጯ ሞላ ያለ ልጅ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሰቆጣ ቢሮ ገብታለች፤ ባንተአምላክ ከሚባል ጨዋ ልጅ ጋር ለጥር ሠርግ ቀን ተቆርጦላታል። እኔም ብሆን አላወቅኋትም ነበር። ጉንጯ ገብቷል፣ የአንገቷ ጅማት ቆሟል፤ ያቺን ተማሪዬን ፊቷ ላይ መፈለግ ነበረብኝ።

በዚህ መሐል አንዲት አሮጊት ከኋላችን ደረሱ። "ደኅና ዋላችሁ? ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ? ይህን ወንዝ በጉም ሁለት ሆኖ መሻገር አይበጅም፤ ሦስተኛ ሰው ጠብቁ" አሉንና አለፉ። ሠርካለም በመካከላችን ተቀምጣ ነበር። የአሮጊቷ ውሻ እኔን አሸተተች፣ በአያ ደግሰው ላይ ጮኸች፤ በሠርካለም በኩል ግን እንደ ባዶ ቦታ ዝም ብላ አለፈች።

"ጉሙ ነው" አልሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

አያ ደግሰው ከጎኗ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ፈትተው ዳቦውን ዘረጉላት። "እንኪ ቁረሺ። የሚካኤል ነው።"

"ይቅርብኝ አያ፤ ጾመኛ ነኝ።"

"የምን ጾም?" አሉ ሽማግሌው። "ጽጌ ወጥቷል፤ የነቢያት አልገባም። ዛሬ ረቡዕ አይደል፣ ዐርብ አይደል። መላእክቱ ሳይቀሩ በሚበሉበት ቀን የምትጾሚው ለማን ነው?"

ይሄኔ ነገሩ ገባኝ። በአገራችን የማይበላ ሰው ብዙ ይጠየቃል፣ የሚጾም ሰው ግን አይጠየቅም። ሠርካለም ዐቢይ ጾምን እስከ ማታ ስትቆይ "ምን ያለች መንፈሳዊ ልጅ!" ተባለላት። በፍልሰታ ጥሬ ብቻ ቆረጠመች፤ ምርቃት ወረደላት። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፣ እሱንም ያዘች። እናቷ በልጇ ኮርታ ለጎረቤት ታወራ ነበር። ይህን ስህተት የሚሠራው እንደኛ ያለ ጾም አክባሪ አገር ብቻ ነው፤ ልጅቱ ከፊታችን እያለቀች እኛ እናመሰግናታለን።

"እውነቱን ንገሪያቸው" አልኋት፤ እንደ መምህርነቴ ቆጣ ብዬ።

አንገቷን ደፋች። "አራት ኪሎ ቀርቶኛል" አለች።

አያ ደግሰው ግራ ተጋቡ። "አዲስ አበባ ልትሄጅ ነው? ሠርግሽስ?"

ሳቄ አመለጠኝ። የሳቅሁት ግን ብቻዬን ነበር፤ ጉሙ ሳቄን ዋጠው።

"ከሰውነቴ ነው አያ። ለሠርጌ አራት ኪሎ ልቀንስ ነው የቀረኝ። ብዙውን ጨርሻለሁ፤ ይቺ የመጨረሻዋ ናት እንቢ ያለችኝ።"

"ከየትኛው ሰውነትሽ?" አሉ ሽማግሌው፤ ቀልዳቸውን አልነበረም። ከእግር እስከ ራሷ እያዩ የሚቀነሰውን ይፈልጉ ነበር።

"እርስዎ አይረዱኝም አያ። ከትምህርት ቤት የተመለስሁ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ምን ብሎ ተቀበለኝ? 'እሰይ፣ ወፈርሽ!' እያለ አይደል? እርስዎም ብለውኛል።"

"እንዴ! ምርቃት ነዋ! እዚህ አገር ወፈርሽ ማለት ክፉ አላገኘሽም፣ ጠኔ አላየሽም፣ እንኳን በደኅና መጣሽልን ማለት ነው።"

"ስልኬ ላይ ሌላ ማለት ነው" አለች ሠርካለም።

ይህን ስትል ከልቤ አዘንሁ። አንዲት ቃል ሁለት አገር አላት፤ ሽማግሌው የመረቁበት ቃል ልጅቱ ጆሮ ሲገባ ስድብ ሆነ። ማንም ክፉ አላሰበም።

"ጤና ጣቢያ ተለክተሽ ነበር?" ብዬ ጠየቅኋት።

"መጀመሪያ ላይ ተለክቻለሁ። ቁመትሽና ክብደትሽ ይስማማል፣ ደኅና ነሽ አሉኝ።"

"ታዲያስ?"

"ለሙሽራ ደኅና መሆን ብቻ ይበቃል፣ መምህርት?"

አያ ደግሰው ወደኔ ዞሩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይህ የሷ ንግግር አይደለም። ጠኔ ነው። የሰባ ሰባቱ ጠኔ የቀመሰውን ዘር አይረሳም። ያን ጊዜ በእግሩ መጣ፤ አሁን በስልክ መጣ። ነገ ጸበል አስገባታለሁ።"

"አያ፣ ጠኔ ሰው አይደለም፤ ስልክም አይዝም" አልሁ። ድምፄ ግን እንደ ወትሮው አልጠነከረም።

ከዚያ ሠርካለምን ጥቂት ፈቀቅ አድርጌ፣ ሴት ለሴት የሚጠይቀውን ጠየቅኋት። የወር አበባዋ ከቀረ ሰንብቷል። ፀሐይ ላይ ሳይቀር ይበርዳታል። ስታበጥር ጠጉሯ በእጇ ይቀራል። ተመልሰን ስንቀመጥ ለሁለቱም እንዲህ አልሁ፦

"ሰውነት ሞኝ አይደለም። ጎተራዋ ሲጎድል ያየች ባለትዳር መስፈሪያዋን እንደምታሳንስ፣ ሰውነትም ምግብ ሲያጣ ወጪውን ይቀንሳል። ሙቀቱን ይነሣሻል፣ ጠጉርሽን ይነሣሻል፣ ልጅ የሚያዝበትን መንገድ ይዘጋል። አራት ኪሎዋ እንቢ ያለችሽ ትርፍ ስላልሆነች ነው። እሷ ስንቅሽ ናት።"

"ግን መምህርት፣ ቀጭን ሁሉ ርኀብተኛ አይደለም" አለች፤ የተማረች ልጅ ናትና አትረታም። "ከተማ ውስጥ ሰው ሲወፍር ስኳርና ደም ግፊት እንደሚያገኘው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ስንፈተን ጽፈነዋል። ደግሞ ደስ ይላል። ስነሣ፣ ስራመድ፣ ሰውነቴ እንደሌለ ሁሉ... ቀለል አለኝ።"

አያ ደግሰው እንደተመታ ሰው ከተቀመጡበት ተነሡ።

"እሷን ቃል አትበይ" አሉ።

ሲናገሩ ዓይናቸው ከማዶ ካለው ነጭ ጉም ላይ ነበር።

"በሰባ ሰባት እህል አለ ወደተባለበት ስንሰደድ እታገኝ እህቴ ባንች ዕድሜ ነበረች። መራመድ ሲያቅታት አዘልኋት። ስነሣ ከበደችኝ። ይህችን ወንዝ ተሻግረን ስንሄድ፣ ስንሄድ፣ እየቀለለች መጣች። ደስ አለኝ። ሚካኤል ጉልበት ሰጠኝ አልሁ። 'እታገኝ፣ ቀለል አልሽኝ' አልኋት። አልመለሰችም። ተኛች ብዬ፣ እንዳልቀሰቅሳት ቀስ እያልሁ ሄድሁ። ዛፍ ሥር ሳወርዳት ነው ያወቅሁ። ሬሳ ይከብዳል ይላሉ፤ እንጃ። እኔ ያዘልሁት አልከበደኝም። ዛሬ ከዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳያት ልታሻግረኝ መጣች ብዬ ነበር። አንች ሆነሽ ተገኘሽ፤ የባሰ ፈራሁ።"

ሠርካለም "አላወቅሁም፣ አያ። ይቅር ይበሉኝ" ብላ ተነሣች፤ ፊቷን እንዳናይባት ይመስለኛል ቀድማን ወደ መሻገሪያው አለፈች። ሁለተኛውን ድንጋይ ስትረግጥ ጉልበቷ ከዳት፤ ነጠላዋ ውሃው ላይ ተዘረጋ።

ከሁለታችን ማን ቀድሞ እንደደረሰ አላውቅም። አያ ደግሰው አንሥተው ጀርባቸው ላይ አዘሏት፤ ሲያነሷት እንደ ባዶ ስልቻ ብድግ አለችላቸው። ያን ጊዜ የፊታቸውን መለወጥ ያየሁ እኔ ነኝ። ልባቸው የወደቀው ስለቀለለቻቸው ነው።

"ተናገሪ!" ብለው ጮኹ። "ዝም አትበይ! ተናገሪ!"

"ምን ልናገር?" አለች፣ እንደ ሕልም ድምፅ።

"የመጣልሽን! ዝም አትበይብኝ ብቻ! ልጄ፣ ዝም አትበይብኝ!"

ሽማግሌው ውሃው መሐል እየተንገዳገዱ፣ እኔ ወገቧን ከኋላ ደግፌ፣ ጉሙ ሦስታችንንም ሸፍኖን፣ ሠርካለም መናገር ጀመረች። የሰው ስም የምትጠራ መስሎኝ ነበር። "ሽሮ" አለች። "የእማዬ ድፎ... ቅቤ የገባበት ገንፎ... የባቄላ እሸት... ማር..." ለወራት ስትሸሸው የኖረችው ሁሉ ነበር፤ አንድም አልረሳችም። ማዶ ስንደርስ ቃሏ ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

"አያ፣ ራበኝ" አለች።

አያ ደግሰው ተንበርክከው አወረዷት፤ የሚካኤልን ዳቦ በእጃቸው ቆርሰው አጎረሷት። እየጎረሰች ታለቅሳለች፣ እሳቸውም ያለቅሳሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ከቅርቡ ቤት ብርዝ ለምኜ አመጣሁ፤ ስትጠጣ ጉንጯ ላይ የደም መልክ መጣ። የዚያ ቤት ውሻ ወጥቶ ከሁላችን ለይቶ ሠርካለም ላይ ጮኸ። በውሻ ጩኸት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

"ታዲያ መምህርት" አለች ትንፋሿ ሲመለስ፣ "ጭራሹን ስለ ሰውነቴ አላስብ?"

"አስቢ እንጂ። ለጤናው የከበደው ሰው ሐኪም አማክሮ ይቀንስ፤ ያስተማርሁት እሱን ነው። አንች ግን ልክሽ ላይ ነበርሽ። ልኩ ላይ ያለ ሰው ሚዛን አያሳድድም፤ ጉልበቱን ይጠብቃል። ሻይሽ ላይ ስኳሩን፣ ወጥሽ ላይ ዘይቱን ትንሽ ቀንሺ፤ ምሳሽን ግን አትዝለይ። ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ የፍስክ ሲሆን እንቁላሉን ብይ። ወደ ቢሮ በእግርሽ ሂጅ፣ ሸክም አንሺ፣ በደንብ ተኚ። ለውጡ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ባይመጣም ደኅና ነሽ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም? አሁን ግን ከሁሉ በፊት ሐኪም ይይሽ።"

"ጸበሉስ?" አሉ አያ ደግሰው።

"ጸበሉም ይሁን፤ ጠዋት ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ጸበል። ሚካኤል በሐኪም አይቀየምም።"

ሽማግሌው አሰቡበት። "መልካም" አሉ። "እኔም ልጅቱ በእግሯ ስትሄድ 'ምን አጣሽ፣ ባጃጅ ያዢ' አልላትም። አንች ደግሞ፣ ሠርካለም፣ በሐሰት ጾም አትጠለይ። እግዜርን ለቅጥነት አይጠሩትም።"

"እሺ አያ" አለች። እሺታዋ የአፍ እንዳልነበር የታወቀው ኋላ ነው።

ጤና ጣቢያ ያዩዋት ሐኪም ደሟ ማነሱን ነግረው መድኃኒትና ምክር ሰጧት። የነቢያት ጾም ሲገባ የንስሐ አባቷ፣ ጉዳዩ ሲነገራቸው፣ ለታመመ ጾም እንደማይጸና ገልጠው ፈቱላት። ቅጠኚ ቅጠኚ የሚሏትን ቪዲዮዎች ከስልኳ አጠፋች። ብርዱ መጀመሪያ ለቀቃት፤ ቀጥሎ እንቅልፏ ተመለሰ፣ ሳቋም ተከተለ። በኋላም የቀረው የሴት ነገር ተመልሶ መምጣቱን በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። ቢሮ ውስጥ ሥራዋን ሳትፈዝ መጨረስ ጀመረች። ስንቁ የተመለሰለት ሰውነት ለባለቤቱ የሚከፍለው ይህን ነው፤ ጤና ማለት ሰው በራሱ ሰውነት ውስጥ እንደ ባለቤት መኖሩ ነው። እናቶችም ከዚህ ይማሩ፤ ልጃቸው ስትጾም ይደሰቱ፣ ጾሙን ስትፈታም መብላቷን ይዩ።

ጥር ላይ ሠርጉ ሆነ። በአገሩ ወግ ሙሽሪትን ሚዜ አዝሎ ያወጣታል። የባንተአምላክ ሚዜ ማሬ የሚባል ፈርጣማ ጎበዝ ነበር፤ ሠርካለምን አዝሎ ከደጃፉ ሲወጣ ሴቶቹ እልል እያሉ "እሰይ፣ ወፈርሽ!" አሏት። ከሻሿ ሥር ሳቀችና "አሜን" አለች።

አያ ደግሰው ከሰዉ መሐል ተጋፍተው ማሬን ቀደሙት። ፊታቸው ነጥቶ ነበር፤ እጃቸውን የሚዜው ትከሻ ላይ ጣሉ።

"ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ" አሉት። "ከበደችህ?"

ማሬ ላቡ ጠብ እያለ፣ ነገሩ ሳይገባው፣ እያፈረ መለሰ። "ከበደችኝ፣ አባቴ። በጣም ከበደችኝ።"

"ተመስገን!" አሉ አያ ደግሰው፤ ከዚያ በሠርግ መሐል እንደ ልጅ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።